የማላዊ ዓምድ

የጋሼ ካሳ ጽሑፍ ሠላሳ አራት ገጽ ነበር። በኮምፒውተር ያስጻፉት ሽፋኑን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሽፋኑ «የመንግሥት ገቢና የውጭ ዕርዳታ፤ ኢትዮጵያና ማላዊ ሲነጻጸሩ፤ ከ1998 እስከ 2010» ይላል። ከሥሩ ስማቸው፣ ከስማቸው ሥር ደግሞ «ሰቆጣ፤ ግንቦት 2017» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ አንባቢው ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን፣ የዞኑ ገንዘብ መምሪያ፣ ድልድል ሲያደርግ ሠራተኛው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣና እንደ አዲስ ይወዳደራል። ለበጀት ጥናት ባለሙያነት የቀረቡት ሁለት ነበሩ፤ ጋሼ ካሳና ሠርካለም። በመንግሥት ገቢ ላይ አንድ አንድ ጥናት እንዲጽፉ ተጠየቁ። ጥናቱ ከመቶ አርባ ይይዛል፤ ስድሳው ለሥራ ልምድና ለአፈጻጸም ነው። አርባውን የምሰጠው እኔ እንድሆን የተደረገው ስለበለጥኩ አይደለም። በኢኮኖሚክስ የተመረቅን ሦስት ነበርን። አንዱ ባሕር ዳር ገባ። አንዷ በጅቡቲ አድርጋ ሳዑዲ ተሻገረች። እኔ ቀረሁ።

ጋሼ ካሳ ካላለፉ ኒሯቅ እንደሚመደቡ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሠርካለም ካላለፈች ወደ ደሃና ነው። እሷ ከደሃና አጠገብ ጋዝጊብላ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ብርዱም መንገዱም አዲስ አይሆንባትም። ኒሯቅ ግን ቆላ ነው፤ የጋሼ ካሳ ባለቤት እትዬ ወለተ ሐና ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ሲጠፋ እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ቀብረው አቆይተውታል፤ ያ ግን የሰቆጣ አየር ረድቷቸው ነው። ኒሯቅ ይዘውት ቢወርዱ እንደሚበላሽ የሆስፒታሉ ነርስ ቁርጡን ነግራቸዋለች። የእትዬ ወለተ ሐና ዐይንም ደክሟል። የመርፌው ቀጫጭን መስመር አይታያቸውም። ልጅ አልሰጣቸውም። ለክተው የሚወጉዋቸው ጋሼ ካሳ ናቸው። እንግዲህ ጋሼ ካሳ ኒሯቅ ወረዱ ማለት፣ እትዬ ወለተ ሐና ሰቆጣ ላይ መርፌውን የሚለካላቸው አጡ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጽሑፉን ተቀበልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም። የሰው ሞት ሲነገረኝም፣ ደመወዝ ሲዘገይም፣ ሠርግ ስጠራም ያው ነኝ። እንዲያውም ለአንባቢነት ይህ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ነበር፤ የሚያዳላ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሰው ነው።

የሠርካለምን ቀድሜ አነበብኩ። የጋዝጊብላን የገበያ ቀን ግብር የተመለከተ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ስሕተት የለበትም። ሠላሳ አራት ሰጠሁት።

የጋሼ ካሳን ማክሰኞ ዕለት ጀመርኩ። መግቢያው ላይ ማላዊን ለምን እንደ መረጡ ጽፈዋል፦ «ሁለቱም አገሮች ወደብ የላቸውም። ሁለቱም ሰማይ አይተው የሚያርሱ ናቸው። ሁለቱም ሲጎድልባቸው የሰው እጅ ያያሉ።» ሳቄ መጣ። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ልክ እንዲህ ነው፤ ሰው እስኪስቅ ጠብቀው እሳቸው ሳይስቁ ይቀመጣሉ።

ከዚያ ሰንጠረዡ ይመጣል። በስተግራ ዓመቱ፤ ቀጥሎ የእኛ የአገር ውስጥ ገቢና ዕርዳታ፤ ቀጥሎ የማላዊ ገቢ፣ ዕርዳታና የበቆሎ ምርት። የእኛን ቁጥር ያገኙት ቤታቸው በቆርቆሮ ሳጥን ካስቀመጧቸው የበጀት መጽሔቶች ነው። መሥሪያ ቤቱ በጦርነቱ ኮምፒውተሩንም ወንበሩንም አጥቷል፤ የእሳቸው ሳጥን ተርፏል። የማላዊን ከየት እንዳገኙት በዚያ ገጽ ላይ አልጻፉም።

የጽሑፉ ልብ 2008 ነው። በ2008 ድርቅ ነበር። አገራችን ዋግ ከብቱ አልቆበት ነበር። ጋሼ ካሳ በዚያ ዓመት ስንዴ እንዲያከፋፍሉ ተመድበው ሰባት ወር ቀበሌ ለቀበሌ ዞረዋል። ጽሑፉ እዚህ ሲደርስ ብዕሩን ይጫኑታል፤ የወረቀቱን ጀርባ ብትዳስሰው ፊደሉ ይሰማሃል። እንዲህ ይላል፦ «በ2008 ማላዊ በቆሎ ተርፏት ነበር። በዚያው ዓመት ወደ መንግሥቷ ካዝና ከገባው ከሦስት አንዱ የውጭ ዕርዳታ ነበር። እኛ ከብታችን እያለቀ ወደ ካዝናችን የገባው ዕርዳታ ከሃያ እጅ አንዱ ያህል ነው። ዕርዳታ ረኃብን ተከትሎ እንደማይሄድ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።» ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ገጾች በሙሉ ይህችን ዐረፍተ ነገር የሚያፍታቱ ናቸው።

ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ስድስት ልሰጠው ነበር።

በመጨረሻ ዐባሪውን ገለጥኩ። ከደብተር የተቀደደ አንድ ሉክ ወረቀት ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ረስቼው ነበር።

ጥቅምት ላይ ጋሼ ካሳ በረንዳው ላይ አግኝተውኝ «አንተ ልጅ፣ የስልክ ነገር ታውቃለህ፤ ስለ አንድ ማላዊ ስለሚባል አገር ገቢና ዕርዳታ አውጣልኝ፤ በቆሏቸውንም ጨምርበት» ብለውኝ ነበር። ያኔ ድልድልም ውድድርም አልተወራም። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ልማዳቸው ነው። ኔትወርክ የሚይዘው ከመናኸሪያው በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስለ ነበር እዚያ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከ1995 እስከ 2018 ያለውን ከስልኬ ገለበጥኩላቸው። ፕሪንተሩ ቀለም አልነበረውም። በላዩ «ማላዊ» ብዬ ጻፍኩ። «እ.ኤ.አ.» ብዬ አልጻፍኩም። ለእኔ ግልጽ ነበረ። የሌላ አገር ዓመት የሌላ አገር ነው።

ጋሼ ካሳ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሐምሌ እስከ ሰኔ በሚል በጀት ላይ ነው። 2008 ከተባለ 2008 ነው። ከሉኩ ላይ 1998ን ከእኛ 1998 ጎን፣ 2008ን ከእኛ 2008 ጎን አድርገው አሥራ ሦስት መስመር አሰለፉ። የማላዊ ዓምድ በሙሉ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ጣቴን ሉኩ ላይ አድርጌ ስምንት መስመር ወደ ታች ወረድኩ። የእኛ 2008 ከእነሱ 2016 ጋር ነው የሚሄደው። በዚያ መስመር በቆሎው ወድቋል። ዕርዳታውም ከቀድሞው ድርሻ ግማሽ አይሞላም። የጋሼ ካሳ ሃያ ገጽ እዚያ ላይ አለቀ።

አሥራ ስምንት ሰጠሁት። ለአቀራረቡ፣ ለእኛው አገር ቁጥርና ለመግቢያው። በእስክርቢቶ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቅዳሜ ጧት ቤታቸው ሄድኩ። ነጥቡ ስለተጻፈ አሁን ብነግራቸው ምንም አይለውጥም ብዬ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ካሳ መስኮቱ አጠገብ ቆመው መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ግባ፣ ግባ። አታናግረኝ ብቻ፤ እየለካሁ ነው።»

እትዬ ወለተ ሐና መደቡ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። «ይኸ ሰውዬ በጀት ሲሠራም እንዲህ ትንፋሹን ይይዛል?» አሉኝ።

«ሲቆርጡብን ነው እንጂ ሲጨምሩማ ይተነፍሳሉ» አልኩ።

«ለማን ጨምሮ ያውቃል!»

ጋሼ ካሳ «አሥራ ስድስት» ብለው ለራሳቸው ተናገሩ፤ ወጉዋቸው፤ በጥጥ ያዙላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊትህ ደስ አላለኝም። ወደቅሁ?»

«ነጥቡን መናገር አልችልም። ስለ ማላዊ ነው የመጣሁት። ዓመቱ የእነሱ ዓመት ነው።»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«2008 ብዬ የጻፍኩልዎ የፈረንጆቹ ነው፣ ጋሼ። የእኛ 2000 መሆኑ ነው።»

ጥጡን እንደ ያዙ ቀሩ። «እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ታች 2018 የሚል አይቼ፣ የመጪው ዓመት ዕቅዳቸው ነው ብዬ ነበር። እንዲያውም እኛ ገና የበጀት ጣሪያ እንኳ ከክልል አልወረደልንም፣ እነዚህ ቀድመው ጨርሰዋል፣ ጎበዞች ናቸው ብዬ አደነቅሁ።»

እትዬ ወለተ ሐና ከት ብለው ሳቁ። «ሃያ ስምንት ዓመት ቁጥር ሲቆጥር ኖሮ!» ቀጥለው በኽምጣኛ፣ በዋጉ ቋንቋ፣ የሆነ ነገር አሏቸው። ጋሼ ካሳ ባጭሩ መለሱ፤ የለየሁት «ኒሯቅ» የሚለውን ብቻ ነው። ሳቁ ቆመ።

«በእኛ 2008 እዚያ ምን ነበረ?» አሉኝ ጋሼ ካሳ።

«ድርቅ።»

«እነሱም?»

«እነሱም። የእኛን ዝናብ ያስቀረው የእነሱንም አስቀርቷል።»

«ዕርዳታውስ?»

«ቀንሷል። ለጋሾቹ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ተጣልተዋቸው ለመንግሥቱ ካዝና መስጠት ትተው ነበር። የመጣላቸው እህል በድርጅቶች በኩል ነው የመጣው። በበጀት አይታይም።»

«እንደ እኛ ስንዴ።»

«እንደ እኛ ስንዴ።»

ተቀመጡ። «ሃያ ገጽ ሙሉ ቀንቼባቸዋለሁ» አሉ። «ስጽፍ እየተናደድኩ ነበር፣ ታውቃለህ? እኔ ቁና ይዤ እናቶች ሲሰለፉ እያየሁ፣ እነዚህ ሰዎች ጠግበው ይመጸወታሉ እያልኩ። ለካ እዚያም አንድ እንደ እኔ ያለ ሰውዬ ቁና ይዞ ቆሟል።»

ይህ ቢጻፍ ጥሩ ጥናት ይሆን ነበር። ግን ማስረከቢያው ቀን አልፏል።

ልወጣ ስነሣ እስከ በሩ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሕተቱን ጻፍ» አሉ፤ «ሥራህ ነው። ወረቀቱን አንተ እንደ ገለበጥክልኝ ግን እንዳትጽፍ።»

«ጥፋቱ እኮ የእኔም ነው።»

«ይሁን። አንተ እ.ኤ.አ. ማለት ረሳህ፤ እኔ መጠየቅ ረሳሁ። ይኸ በእኔና በአንተ መካከል ይለቅ። ኮሚቴ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። እዚያ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንደ ኖርኩ ታውቃለህ።»

እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም።

እሑድን ሙሉ አሰብኩበት። የጋሼ ካሳ ምክር የልምድ ምክር እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ነገሩን እንዲህ ነበር ያየሁት፦ አንድ ሰው ዓመት ከዓመት አምታታ ተብሎ ሃያ ሁለት ነጥብ ሲቀነስበት፣ ምልክቱን ሳይጽፍ ወረቀቱን የሰጠው ሰው ዝም ብሎ ፈራጅ ወንበር ላይ መቀመጡ ልክ አይደለም። ኮሚቴዎቹ እውነቱን ካወቁ ቢያንስ ግዴለሽ ናቸው አይሉዋቸውም። ሌላውን ስድሳ ነጥብ ማን ስንት እንዳለው ልጠይቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። አንባቢ ማወቅ የለበትም። ሰኞ ጧት ከነጥቡ ሥር ሦስት መስመር ጨመርኩ፤ የማላዊን አኃዝ ገልብጬ የሰጠኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ምልክት እንዳልጻፍኩ፣ ይህም ሲታይ ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ። ፖስታውን አሸግሁና ሰጠሁ።

ረቡዕ አስጠሩኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወርቅአገኘሁ ክፉ ሰው አይደሉም። ሲጨነቁ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ስገባ አውልቀውት ነበር።

«በእውቀቱ፣ ይኸን ለምን ጻፍክ?»

«እውነት ስለሆነ።»

«እውነት መሆኑንማ አየሁ። መመሪያው ምን እንደሚል ታውቃለህ? አንባቢው ለተወዳዳሪው መረጃ የሰጠ እንደሆነ ጽሑፉ አይያዝም። ዜሮ ነው።»

«ያኔ ውድድር አልነበረም። ጥቅምት ላይ ነው የሰጠኋቸው።»

ሉኩን ከጽሑፉ ጀርባ ነቅለው ወደ እኔ ገፉት። «ጥቅምት የሚል አሳየኝ።»

አየሁት። ቀን አልነበረበትም።

«ዓመቱን አትጽፍ፣ ቀኑን አትጽፍ! ምን ነበር አንተ የምትጽፈው?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ደመሩልኝ። ጋሼ ካሳ ለልምድ ሠላሳ፣ ለአፈጻጸም ሃያ አራት፤ ሃምሳ አራት። የእኔ አሥራ ስምንት ሲጨመር ሰባ ሁለት። ሠርካለም ዘጠኝና ሃያ ሰባት፤ ሠላሳ ስድስት። የእኔ ሠላሳ አራት ሲጨመር ሰባ። «በሁለት ነጥብ አልፈው ነበር» አሉ። «ከነስሕተታቸው።»

ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። የመደመር ስሕተት የለበትም።

«ሦስቱን መስመር ልሰርዛቸው?» አልኩ። ይህን ማለቴን አሁንም አስታውሳለሁ። ድምፄ የተለመደው ድምፄ ነበር።

«ቃለ ጉባኤ ሆኗል። ሦስት ሰው ፈርሞበታል።» መነጽራቸውን አደረጉ። «አንተም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል። አይከፋህ፣ ለፋይል ነው።»

አልከፋኝም። ይከፋኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ የወረዳዎቹን የወር ሪፖርት አጠቃለልኩ፤ አንድም አልተሳሳትኩም።

ማታ ስንወጣ ጋሼ ካሳ በሩ ላይ ነበሩ። ጃንጥላቸውን ዘግተው እንደ ከዘራ ይዘውታል።

«ጻፍከው» አሉኝ።

«ጻፍኩት።»

«ቅዳሜ ለት እሺ ስላላልክ አውቄዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ብዬ? ሐሰት አልጻፍክ። ለሐሰት ቢሆን ይቅር ማለቱ ይቀለኝ ነበር።» ትንሽ አብረን ሄድን። መስቀለኛው ላይ ስንደርስ «ያ የቀረው መስመር፣ እስከ 2018 ያለው፣ የፈረንጁ ማለቴ ነው፤ ልክ ነው? በደንብ ገልብጠኸዋል?» አሉኝ። ልክ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና በታችኛው መንገድ ሄዱ።

ሠርካለም በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የሰው ወንበር የነጠቀች ይመስል ቆማ ነው ያናገረችኝ። «እኔ ምን ላድርግ?» አለች። «እምቢ ብል ደሃና ነኝ፣ እሳቸውም አይመለሱም፤ ጠይቄያለሁ። መደቡ እንደገና ይወጣል ነው የሚሉኝ።»

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነበር» አልኳት።

«አሰልቺ ነው ብለሃል ይባላል።»

«አሰልቺ ነው። ጥሩ ነው።»

ሳትስቅ ሄደች።

ጋሼ ካሳ ሐምሌ አንድ ቀን፣ አዲሱ በጀት ሲጀመር፣ ኒሯቅ ገቡ። ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ አድርገው በጧቱ መኪና ወረዱ። መድኃኒቱም እትዬ ወለተ ሐናም ሰቆጣ ቀሩ። እኔ ያን ዕለት ከሥራ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ወለተ ሐና በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ያወቁት በአረማመዴ ነው።

«በውቄ ነህ? ሸኝተኸው ነው?»

«አልደረስኩባቸውም። መርፌውን ማን ይወጋዎታል?»

«ሆስፒታል እየሄድኩ ልወጋ ብዬ ነበር። ወረፋው እስኪደርስ ፀሐይ ይጠነክራል፤ ባዶ ሆዴን ደግሞ እወድቃለሁ። ጎረቤቴ መስመሩን ታያለች፣ መውጋት ትፈራለች።»

«እኔ እየመጣሁ ልውጋዎት።»

«አንተ?» አሉ። ሳቃቸው ያው የዚያን ቀን ሳቅ ነው። «ስምንት ዓመት የጠፋህ ሰውዬ መስመር አይጠፋህም?»

«አይጠፋኝም።»

«እንጃልህ! ደግሞ ታረቅን ብለህ እንዳታስብ። ባሌን ቆላ አውርደህብኛል።»

«አላስብም።»

እጃቸውን ዘረጉልኝና ደግፌ አስነሣኋቸው። «ጧት አሥራ ስድስት፣ ማታ አሥር» አሉ ወደ ውስጥ እየገባን። «ጮክ ብለህ ነው የምታነበው። አየሁት ስትል ብቻ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይና ማታ ከሥራ ስወጣ እዚያ ነኝ። መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። «አሥራ ስድስት» እላለሁ። «ድገመው» ይላሉ። እደግመዋለሁ። ስወጋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ስለ ሌላ ነገር አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን ቁርስ ያቀርቡልኛል፤ አንዳንድ ቀን አያቀርቡልኝም። ሁለቱንም ልክ ነው ብዬ እቀበላለሁ።

ኒሯቅ ኔትወርክ ሲኖር ጋሼ ካሳ ይደውላሉ። ሰላምታ አያበዙም።

«ዛሬ ስንት?»

«አሥራ ስድስት።»

«አየኸው ወይስ መሰለህ?»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«በል» ይሉና ይዘጋሉ።